አንድ ሰዓት እሮጣለሁ፤ ገንዳ ውስጥ ግን 50 ሜትር ያቅተኛል

ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ፣

የ47 ዓመት ሴት ነኝ። ልጅ ሳለሁ ዋና አልተማርኩም። ዕድሉ አልነበረም፤ ቢኖርም ውሃ እፈራ ነበር። በኋላ ጉልበቴን ሲያመኝ ሐኪሜ ሩጫ ቀንሼ ዋና እንድሞክር መከረኝ። ያኔ 45 ዓመቴ ነበር። ፍርሃቱ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። አሁን ጥልቁ ውስጥ መግባት አያስጨንቀኝም። ችግሬ ሌላ ነው። አልሻሻል አልኩ።

ለዓመታት ሯጭ ነበርኩ። አሁንም ጉልበቴ በፈቀደ ቀን አንድ ሰዓት ሳላቋርጥ እሮጣለሁ። ፍሪስታይል፣ ማለትም በሆዴ ተኝቼ እጄን እያፈራረቅኩ ስዋኝ ግን የ25 ሜትሩን ገንዳ አንዴ ሄጄ ስመለስ ልቤ በአፌ ልትወጣ ትደርሳለች። ግድግዳውን ይዤ አለከልካለሁ። በዚህ መሃል ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ቦርጭ ያላቸው አንድ አባት ዘና ብለው እየተመላለሱ ያልፉኛል። እውነቱን ልንገርዎት፣ ያናድዱኛል።

አሠልጣኝ አለን። ብዙ ስለሆንን ግን ለእያንዳንዳችን ጊዜ አይበቃውም። ስጠይቀው «እግርሽን ጠንከር አድርገሽ ምቺ፣ ደግሞ ብዙ ዋኚ» ይለኛል። ጠንከር አድርጌ መታሁ። ድካሙ ጨመረ፣ ፍጥነቱ ግን ያው ነው። ኪክቦርድ (በእጅ የሚያዘውን ተንሳፋፊ ሰሌዳ) ይዤ እግሬን ብቻ ስመታ እንዲያውም ወደ ኋላ የምሄድ ይመስለኛል። ብዙ ልዋኝ ብዬም ቅዳሜ ቅዳሜ እስኪበቃኝ ድረስ እቆያለሁ። በሌላው ቀን አይመቸኝም ብዬ ትቼዋለሁ።

ልጄ 12 ዓመቷ ነው። ከእኔ ጋር ነው የጀመረችው። እሷ አሁን አራቱንም የዋና ዓይነት ትችላለች። እኔ ገና አንዱን እየታገልኩ ነው። ዕድሜዬ ነው? ሳንባዬ ነው? ጂም ገብቼ ክንዴን ላጠንክር? እጅ ላይ የሚደረገውን መቅዘፊያ ልግዛ?

አንድ ሌላ ነገር አለ። 50 ዓመት ሲሞላኝ ለትልልቅ ሰዎች በሚዘጋጅ ውድድር 400 ሜትር ፍሪስታይል መዋኘት እፈልጋለሁ። ይስቁብኛል ብዬ ለማንም አልነገርኩም። ሞኝነት ይሆን?

ትንፋሽ ያጠራት

---

ውድ ትንፋሽ ያጠራት፣

ሳንባዎ ጥፋት የለበትም። አንድ ሰዓት የሚያስሮጥ ሳንባ ለ50 ሜትር አያንስም። እኔ እንደገባኝ እንዲያውም ጉልበት በዝቶብዎታል።

እኒያን አባት አይናደዱባቸው። መልሱ ያለው እሳቸው ጋ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ግድግዳውን ይዘው ሲያለከልኩ በደንብ ይዩዋቸው። ጭንቅላታቸው ከውሃው ቀና አይልም። ብዙ አይረጩም። እጃቸው አይቸኩልም። ልባቸው ከእርስዎ ልብ የተሻለ ስለሆነ አይመስለኝም፤ የሚያባክኑት ትንሽ ስለሆነ ነው። ቦርጩም ቢሆን ሳያግዛቸው አይቀርም። ስብ ይንሳፈፋል፤ የቀጭን ሯጭ እግር ግን ይሰምጣል።

የውሃ ጥግግት ከአየር 800 እጥፍ ገደማ ነው። ስንሮጥ አቋማችን ትንሽ ቢበላሽ አየሩ ብዙም አይከለክለንም። ውሃ ግን ለጥቃቅኗ ሁሉ ያስከፍላል። ፍጥነትዎን እጥፍ ላድርግ ቢሉ ውሃው የሚገታዎት ኃይል አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ጉልበት እየጨመሩ መፍጠን በጣም ውድ መንገድ ነው። ርካሹ መንገድ ውሃው የሚይዘውን የሰውነት ክፍል መቀነስ ነው። በዚህ በኩል ዘግይቶ የጀመረ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ሊቀንስ የሚችለው ነገር ሞልቶታል።

ትንፋሹን እናስቀድም፤ ዋናው ጣጣ እዚያ ነውና። ሲሮጡ በፈለጉት ቅጽበት ይተነፍሳሉ። ገንዳ ውስጥ ግን ፊትዎ ውሃ ውስጥ ነው። ብዙ ጀማሪዎች ፊታቸው ውሃ ውስጥ እያለ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ከዚያ ቀና ሲሉ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ማስወጣትም ማስገባትም ይፈልጋሉ። ሁለቱም አይሞላም። የድሮው አየር ሳይወጣ በላዩ ላይ ትንሽ ይጨመራል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል። ሰውነታችን ደግሞ «አየር! አየር!» ብሎ የሚጮኸው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው፤ ኦክስጅን ስላለቀ አይደለም። ስለዚህ አየር አነሰኝ ሲሉ ችግሩ በደንብ አለማስወጣትዎ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው አሰልቺ ነው። ጥልቀት በሌለው በኩል ግድግዳውን ይዘው ይቁሙ። ፊትዎን ነክረው በአፍንጫና በአፍ ቀስ ብለው፣ ሳያቋርጡ ያስወጡ። አረፋው እንዳይቆም። ከዚያ ፊትዎን ወደ ጎን አዙረው ያስገቡ። እንደገና ይንከሩ። በየልምምዱ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይህን ያድርጉ። ሰው እያየኝ ነው ብለው አይፈሩ፤ ገንዳ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በራሱ ትንፋሽ ተጠምዷል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ጣል ላድርግ። ትንፋሽ ላለማምድ ብለው ውሃ ሥር ረጅም ጊዜ ትንፋሽ ይዘው ለመቆየት እንዳይሞክሩ። በተለይ ከመግባትዎ በፊት በፍጥነት እየደጋገሙ በረጅሙ አይተንፍሱ። ያ ልማድ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያጥበውና ማስጠንቀቂያው ይጠፋል። ሰው ምንም ሳይታወቀው ውሃ ውስጥ ራሱን ይስታል። ጎበዝ ዋናተኞችም በዚህ ሞተዋል። ማለክለኩ ደረትዎን ከማፈን ወይም ራስ ከማዞር ጋር ከመጣ ደግሞ የኔን ምክር ትተው ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ።

ቀጥሎ ጭንቅላት ነው። ሳንባ አየር የሞላው ስለሆነ ደረት ይንሳፈፋል፤ እግር ይከብዳል። ጭንቅላትዎን ቀና ባደረጉ ቁጥር ዳሌዎ ይወርዳል። ያኔ ሽቅብ የሚዋኙ ያህል ነው። ሲዋኙ የገንዳውን ወለል ይዩ፤ የፊቱን ግድግዳ አይፈልጉት። ለመተንፈስ ደግሞ አይነሱ፣ ይዙሩ። ትከሻና ዳሌ አብረው ሲዞሩ ፊት ተከትሎ ይዞራል። አንደኛው የመነጽር መስታወት ውሃ ውስጥ ይቆይ። መጀመሪያ ውሃ የሚያስውጥ ይመስላል። ግን ጭንቅላት ወደፊት ሲሄድ ከጎኑ ውሃው ትንሽ ጎድጎድ ይላል። አፍ እዚያች ጉድጓድ ውስጥ አየር ያገኛል። እኒያ አባት ሲተነፍሱ ብዙም የማይታወቅባቸው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ እግር። «ጠንከር አድርገሽ ምቺ» የሚለው ምክር ለአንዳንድ ሰው ይሠራል፤ ለእርስዎ አይሆንም። ወደ ኋላ የምሄድ ይመስለኛል ያሉት ደግሞ ቅዠት አይደለም። የሯጭ ቁርጭምጭሚት ብዙ ጊዜ ግትር ነው። የእግር ጣት ወደ ኋላ ካልተዘረጋ፣ እግር ውሃውን ወደ ፊት ይገፋል። ጉልበት በጣም ሲታጠፍ ደግሞ ጭን ወደ ታች ወርዶ ፍሬን ይሆናል። በዚያ ላይ የጭን ጡንቻ ትልቅ ስለሆነ ኦክስጅን ይበላል። በርትተው በመቱ ቁጥር የደከሙትም በዚህ ነው። ለረጅም ርቀት እግር ዋና ሥራው ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው፤ ብዙውን ግፊት የሚሰጠው እጅ ነው። ከዳሌ ጀምረው፣ ጉልበትን ላላ አድርገው፣ አነስ አነስ እያሉ ይምቱ። ኪክቦርዱን ለጊዜው ይተዉት፤ ይዘውት ጭንቅላት ስለሚነሳ ዳሌዎን ያሰምጥብዎታል። አጭር ፊን (እግር ላይ የሚጠለቅ የዋና ክንፍ) አድርገው ትንሽ ቢለማመዱ ግን እግርዎ ትክክለኛውን ስሜት ያውቀዋል። ቤት ሲቀመጡ እግርዎን ዘርግተው ጣትዎን ወደፊት መጠቆም ይለማመዱ። ተረከዝ ላይ መቀመጥን የሚመክሩ አሉ፤ የእርስዎ ጉልበት ስለሚያመው ይቅር። በዚሁ ምክንያት የደረት ዋናንም ገና አይቸኩሉበት። የእግሩ ምት የጉልበትን ውስጠኛ ጎን ሊጎዳ ይችላል።

መቅዘፊያውን አይግዙ። እጅን ሰፊ ስለሚያደርገው ትከሻ ላይ ጫና ይጨምራል። አቀዛዘፍዎ ሳይስተካከል ካደረጉት ስህተቱን አጠንክሮ ያስለምድዎታል። የዋናተኛ ትከሻ ሕመም አንዴ ከያዘ ቶሎ አይለቅም። ጂሙም አይጎዳም፤ ለትከሻ ቀለል ያለ የላስቲክ እንቅስቃሴ ይበቃል። ለጊዜው ሁለት ነገር ብቻ ያስቡ። እጅዎ ውሃ ሲገባ የጭንቅላትዎን መስመር አያቋርጥ። ውሃውን ሲይዙ ደግሞ ክርንዎ ከእጅዎ በላይ ይሁን።

ስለ ቅዳሜው ልቆጣዎት ነው። ዋና ክህሎት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ከተነካ ሰውነት ይረሳል። እስኪበቃኝ ያሉት ደግሞ፣ ከደከሙ በኋላ የሚለማመዱት የተበላሸውን ዋና ነው። ሰውነት የደጋገምንለትን ይማራል፤ ጥሩና መጥፎ አይመርጥም። ስለዚህ ጊዜውን ይከፋፍሉት። በሳምንት ሦስት ቀን 40 ደቂቃ ቢያገኙ በጣም ጥሩ፤ ሁለት ቀንም ከአንድ ረጅም ቅዳሜ ይሻላል። 25 ሜትር ይዋኙ፣ ትንፋሽዎ እስኪመለስ 20 ወይም 30 ሰከንድ ይረፉ፣ ይድገሙ። እንዲህ ስምንት ጊዜ። ፍጥነቱ በጣም ቀርፋፋ ይሁን፤ ለሯጭ የሚያሳፍር ያህል ቀርፋፋ። እግረ መንገድዎን ቀዘፋዎን ይቁጠሩ። ለምሳሌ በ26 ቀዘፋ ጀምረው 29 ከደረሰ ቅርጹ ተበላሽቷል ማለት ነው። ያኔ ያቁሙ ወይም ረዘም አድርገው ይረፉ። ስምንቱም ሲቀልዎት አራት ጊዜ 50 ያድርጉት፣ ከዚያ 100።

ለውጥ መኖሩን ለማየት ቀዘፋና ሰከንድ ይደምሩ። በ38 ሰከንድና በ26 ቀዘፋ 25 ሜትር ከሄዱ 64 ነው። ከወር በኋላ በተመሳሳይ ስሜት 60 ከሆነ ተሻሽለዋል። ቁጥሩን ለማሳነስ ብለው በየቀዘፋው መሃል ቆመው አይንሳፈፉ፤ እሱ ማጭበርበር ነው።

400 ሜትር ሳያቋርጡ መዋኘት ሲችሉ ደግሞ አሠልጣኞች የሚጠቀሙበት ስሌት አለ። በአንድ ቀን፣ በመሃል በደንብ አርፈው፣ 400 እና 200 ሜትር በሚችሉት ፍጥነት ይዋኙ። 400ው 12 ደቂቃ፣ 200ው 5 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ፈጀ እንበል። ልዩነቱ 6 ደቂቃ ከ20 ነው። ለሁለት ሲካፈል 3 ደቂቃ ከ10 ይሆናል። ይህ ለ100 ሜትር ሳይፈርሱ ረዘም ላለ ጊዜ ሊይዙት የሚችሉት ፍጥነት ነው። ልምምድዎን በዚያ ዙሪያ ያድርጉ።

አሠልጣኝዎን አልወቅሳቸውም፤ ሰው በዝቶባቸዋል። ግን «እንዴት ልሻሻል?» ብለው ከጠየቁ «ብዙ ዋኚ» ነው መልሱ። «ስተነፍስ ጭንቅላቴ ምን ይሆናል?» ብለው ይጠይቁ። አይተው የሚመልሱት ጥያቄ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ በስልክ ከጎን ያስቀርጹ። እኛ የምናደርግ የሚመስለንና የምናደርገው በጣም ይለያያል። ቀጥ ብዬ ነው የምዋኘው የሚል ሰው ቪዲዮው ላይ እንደተንጋደደ ሲያይ ይደነግጣል።

ዕድሜ ምንም አያደርግም ብዬ አላታልልዎትም። ከፍተኛው የልብ ምት ይቀንሳል፣ ከድካም ማገገም ይዘገያል። ከልጅዎ ጋር አይወዳደሩ፤ እሷ የሚታጠፍ ቁርጭምጭሚት አላት፣ ይስቁብኛል የሚል ጭንቀትም የለባትም። ግን ይህንን ያስቡ። በስምንት ዓመቱ የጀመረ ዋናተኛ በ47 ዓመቱ ከድሮ ሰዓቱ ጋር ሲታገል ይውላል። የእርስዎ ምርጥ ሰዓት ገና ከፊትዎ ነው።

ውድድሩ ሞኝነት አይደለም። በዓለም አቀፉ የማስተርስ (የትልልቅ ሰዎች) ዋና ከ25 ዓመት ጀምሮ በየአምስት ዓመቱ ምድብ አለ። 50 ሲሞላዎት ከ50 እስከ 54 ባለው ምድብ ገና ትንሿ ይሆናሉ። በዚሁ ዓይነት ውድድር ጃፓናዊቷ ሚኤኮ ናጋኦካ በ2015 በ100 ዓመታቸው 1500 ሜትር በ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ጨርሰዋል። የጀመሩት ከ80 ዓመታቸው በኋላ ነው፤ እንደ እርስዎ ጉልበታቸውን አሟቸው። ያንን የፍሪስታይል ርቀት የሄዱት ደግሞ በጀርባቸው ነበር። ደንቡ ይፈቅዳል። እርስዎም በ400ው መሃል ትንፋሽ ቢያጥርዎት በጀርባዎ መገልበጥ ይችላሉ። የገንዳው ወለል ላይ ቢቆሙ እንኳ አይሰረዙም፤ መራመድ ነው የሚከለከለው። ዘለው መግባት ካስፈራዎትም ውሃ ውስጥ ሆነው ግድግዳውን ገፍተው መጀመር ይፈቀዳል።

ለሁሉም ሰው መናገር የለብዎትም። ለልጅዎ ግን ይንገሯት። ቪዲዮ የሚቀርጽና ቀዘፋ የሚቆጥር ሰው ያስፈልግዎታል።