ከ«ኤንድ» በፊት ኮማ ይገባል ወይ ለምትሉ ልጆቼ

«መምህር፣ በእንግሊዝኛ ከ‹ኤንድ› በፊት ኮማ ይገባል ወይስ አይገባም?» ስትል አንዲት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የማራኪ ግቢ ተማሪ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። «ትንፋሽ ስትወስዱ ኮማ አድርጉ» ተብለው አድገው፣ ሐሳባቸው በስሎ ሳለ የመመረቂያ ጽሑፋቸው በቀይ ተዥጎርጉሮ የተመለሰባቸው ልጆች ስንት ናቸው! በእንግሊዝኛ ኮማን የሚወስነው ትንፋሽ ሳይሆን ባለቤትና ግስ ነው።

እኛን የሚያስቸግረን የአማርኛችን አሠራር ይመስለኛል። «መጣ» ስንል ባለቤቱ እዚያው ግሱ ውስጥ አለ። በእንግሊዝኛ ግን ባለቤቱ ለብቻው መጻፍ አለበት። «ፋሲል ፋውንድድ ጎንደር ኤንድ ቢልት ኤ ካስል» የሚለውን እዩት፤ ግሱ ሁለት፣ ባለቤቱ ግን አንድ ነውና ኮማ አያስፈልገውም። «ፋሲል ፋውንድድ ጎንደር, ኤንድ ሂ ቢልት ኤ ካስል» ካላችሁ «ሂ» ሁለተኛ ባለቤት ሆኖ ገባ፤ ግራና ቀኙ ለየራሱ መቆም ቻለ፤ ኮማው ከ«ኤንድ» በፊት ይገባል። ከ«ኤንድ» ኋላ አታድርጉት። «ኤንድ»ን አውጥታችሁ ኮማውን ብቻ ብታስቀሩም ስሕተት ነው፤ ኮማ ብቻውን ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር የመያዝ አቅም የለውም።

እንዲህ የሚያያይዙት መስተጻምሮች ሰባት ናቸው፦ ፎር፣ ኤንድ፣ ኖር፣ በት፣ ኦር፣ የት፣ ሶ። ሽምደዳ አልወድም፤ እነዚህን ግን ሸምድዱ። «ሀውኤቨር» ከእነሱ ወገን አይደለም፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር መካከል ሲገባ ከእሱ በፊት ነጥብ ወይም ሴሚኮለን፣ ከእሱ በኋላ ኮማ ይፈልጋል።

«ቢኮዝ» ከአሉታ ጋር ሲመጣ ተጠንቀቁ። «ሂ ዲድ ኖት ሊቭ ጎንደር ቢኮዝ ሂ ወዝ ፑር» ያለ ኮማ ሲጻፍ «ከጎንደር የወጣው ድሃ ስለነበረ አይደለም» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ከ«ቢኮዝ» በፊት ኮማ ካለ ሰውየው አልወጣም፤ ምክንያቱም ድህነቱ ነው።

በዝርዝር መጨረሻ ከ«ኤንድ» ወይም ከ«ኦር» በፊት የሚገባው ኮማ እንደ ጸሐፊው ምርጫ ነው ይባላል። እኔ አስገቡት እላለሁ። በአሜሪካ የሜይን ግዛት ሕግ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የማይመለከታቸውን ሥራዎች ሲዘረዝር «ፓኪንግ ፎር ሺፕመንት ኦር ዲስትሪቢውሽን» ብሎ ይጨርስ ነበር፤ ከ«ኦር» በፊት ኮማ አልነበረም። የአንድ ወተት ድርጅት ሾፌሮች «ይህ የሚናገረው ለማጓጓዝም ሆነ ለማከፋፈል ስለማሸግ ነው፤ እኛ ደግሞ እናከፋፍላለን እንጂ አናሽግም» ብለው ተከራከሩ። በ2017 እ.ኤ.አ. ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሕጉ አሻሚ ነው ብሎ ለእነሱ ፈረደ፤ በ2018 ድርጅቱ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

የዛሬ ልጆች ስልካችሁ ያረመላችሁን ሳታዩ መቀበል ታበዛላችሁ፤ ይህ ያሳስበኛል። ጽሑፋችሁን ከማስረከባችሁ በፊት «ኤንድ»ን አንድ በአንድ እየፈለጋችሁ ከኋላው ያለውን ለብቻው አንብቡት። ባለቤትና ግስ ካለው ኮማ አስገቡ፤ ሁለቱም ወገን በጣም አጭር ከሆነ ግን ብትተዉትም ማንም አይወቅሳችሁም።