እንቅልፍ እምቢ ሲል፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሶፋ ላይ ያንጎላጀኛል፤ አልጋዬ ላይ ስወጣ ግን ዓይኔ ይፈጣል። ምን ሆኜ ነው?

እህቴ፣ ይህን ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁ ረዘም አድርጌ ልመልስ። መጀመሪያ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ይመጣል፦ ሐዘን፣ የሥራ ጭንቀት፣ አራስ ልጅ። እሱ ሲያልፍ እንቅልፉም መመለስ ነበረበት። ነገር ግን በእነዚያ ሌሊቶች እየተገላበጥሽ፣ ሰዓት እያየሽ፣ «ነገ እንዴት ልሆን ነው» እያልሽ ስላደርሽ አእምሮሽ አልጋውን ከመንቃት ጋር አያይዞታል። ሶፋው ላይ ለመተኛት ስለማትታገዪ እንቅልፉ ሳይጠራ ይመጣል። ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት ዋናው ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ትግል ነው።

ሪቻርድ ቡትዚን የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1972 (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው ዘዴ እዚህ ላይ ይሠራል። እንቅልፍሽ ሲመጣ ብቻ ተኚ። 20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ካልወሰደሽ ተነሺ፤ ሰዓት ግን አትቁጠሪ፣ በግምት ይሁን። ደብዘዝ ባለ መብራት የሚያረጋጋሽን ነገር ሥሪና ሲመጣ ተመለሺ። ሌሊቱ ምንም ቢሆን ጠዋት በለመድሽው ሰዓት ተነሺ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዳሉ፤ አልዋሽሽም።

ቡና እኔን አይነካኝም፤ ማታ ጠጥቼም እተኛለሁ።

መተኛትህን አምናለሁ፤ የምሰጋው ለጥልቀቱ ነው። ከሰው ሰው ቢለያይም፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከጠጣኸው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ማታ 5 ሰዓት ላይም ሰውነትህ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ቀኑን ሙሉ አንጎል ውስጥ ተጠራቅሞ እንቅልፍ የሚያመጣውን አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር ሥራውን እንዳይሠራ ይከለክለዋል። ጎረቤት የሚሰበሰብበትን ቡና ተው አልልህም። ጠዋት ይፈላ።

የጫቱን ምርቃና በቢራ ብሰብረውስ?

አልኮል ቶሎ ያስተኛል፤ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ግን ይቆራርጠዋል። ጨብሲ መፍትሔ አይደለም።

እናቴ ለእንቅልፍ ዳያዜፓም የተባለ ክኒን ለወራት ወስደዋል። ላስቁማቸው?

በድንገት እንዳታስቆሚያቸው! ሰውነት ስለሚለምደው በአንዴ ሲቋረጥ እንቅልፍ ማጣቱ ብሶ ይመለሳል፤ ራስ የሚያስት መንፈራገጥም ሊያመጣ ይችላል። ሐኪም መጠኑን ቀስ በቀስ ይቀንስላቸው። በእሳቸው ዕድሜ ሌሊት ተነስቶ የመውደቅ አደጋም ስላለ ቀጠሮውን አታዘግዪ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ፣ ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት መጀመሪያ የሚመክረው የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምናን (ስለ እንቅልፍ ያለንን ሐሳብና ልማድ የሚያስተካክለውን) እንጂ ክኒን አይደለም።

ሐኪም ጋ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው? ባለቤቴም ያንኮራፋል፤ አንዳንዴ ትንፋሹ ቆሞ በድንጋጤ ይነቃል።

አንቺ በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ የምትቸገሪ፣ ይህም 3 ወር የሞላው ከሆነ ሂጂ። ተስፋ የመቁረጥ ስሜት ካለ ግን ወሩን አትጠብቂ። የባለቤትሽ ከዚህ ይለያል፤ በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቋረጥ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ይመርመር። ሐኪሙ ክፍል አብረሽው ግቢ፤ ሌሊት የሚሆነውን የምታዪው አንቺ ነሽ።