መልስ፦ ወደ ደብረ ብርሃን ብስክሌት ስንነዳ መሀል መንገድ ላይ ጉልበቴ ለምን አለቀ?

ከመስቀል አደባባይ ማልዳችሁ ወጥታችሁ ሸኖ ጋ ጉልበትህ ከዳህ፣ ቡድኑም ጥሎህ ሄደ። ችግሩ እግርህ አይደለም፤ ምግብ ነው። ሻይ በዳቦ በልቶ 130 ኪሎ ሜትር አይዘለቅም፤ ያውም 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለ ከተማ።

ሳይርብህ ብላ። ከተነሳህ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጀምር፤ ከዚያ በየሰዓቱ ሁለት ሙዝ፣ ወይም በስኳር የተበጠበጠ በሶ። እኔ በሶውን እመርጣለሁ፤ በኮዳ ይዘኸው እየነዳህ ትጠጣዋለህ። ቆሎ ለእረፍት ይቆይ፤ እያለከለኩ ማኘክ አይመችም።

ዳገት ላይ ቡድኑን አታሳድድ። ማርሹን ቀድመህ አቅልልና በራስህ ፍጥነት ውጣ። ሜዳው ላይ ከሰው ኋላ ተጠግተህ ንፋሱን ስትከለል ትደርስባቸዋለህ። ለልምምድ ከለገሃር በቸርችል ጎዳና እስከ ማዘጋጃ ቤት ደጋግመህ ውጣ።

አንድ ነገር አደራ፦ ሲደክምህ የአይሱዙ ጎን ይዘህ አትጎተት። አብሮን የሚነዳ ልጅ እንዲህ ሲሄድ፣ መኪናው ጉድጓድ ሸሽቶ ሲጠመዘዝ አስፋልት ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ። ከዚያ ይልቅ ወርደህ ግፋ። መሪያችሁንም ከመነሳታችሁ በፊት ከመጨረሻው ሰው ጋር የሚቀር አንድ ጠንካራ ልጅ እንዲመድብ ጠይቀው።