ሐረጎን በድሮ መኪና፤ የፍሬን ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የድሮ መኪና ይዛችሁ በሐረጎ ቁልቁለት በደሴና በኮምቦልቻ መሃል የምትመላለሱ ሰዎች ስለ ፍሬን የጠየቃችሁኝን ሰብስቤ ልመልስ። ሌላም ካላችሁ ወርውሩ።

ጋሼ፣ እ.ኤ.አ. የ1965 ቮልስ አለኝ። የፊቱን ፍሬን ዲስክ ላስደርገው አስቤያለሁ። ያዋጣል? (ደሴ)

ያዋጣል፤ ግን ከዲስኩ የሚቀድም ነገር አለ። ያንተ ቮልስ አራቱም እግር ታምቡር (ከበሮ መሰል ፍሬን) ነው፤ የፍሬን ዘይቱም የሚሄደው በአንድ መስመር ነው። አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ባዶ ይቀራሉ። ያኔ ያለህ የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ባለ ሁለት መስመር ማስተር ሲሊንደር (ፔዳሉን ስትረግጥ ዘይቱን የሚገፋው) አስገባ። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1967 አካባቢ ወደዚያ ዞሯል። ዲስኩን ስትገዛ ደግሞ የመኪናውን ዓመት ተናገር። ያንተ የፊት እግር የሚዞረው በኪንግ ፒን (በቀጥ ያለ ፒን) ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1966 ሞዴል ወዲህ ያለው ግን በቦል ጆይንት (በኳስ መገጣጠሚያ) ስለሆነ የአንዱ ለሌላው አይገባም። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ካለህ ሌላ ሱቅ ሂድ።

ከደሴ ስወርድ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። ቆሜ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ምን ይሆን? (ኮምቦልቻ)

አብሽር፣ የሚታወቅ በሽታ ነው፤ ግን እስኪስተካከል በዚያ መኪና አትውረድ። የፍሬን ዘይትህ ፈልቷል። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1850 ገደማ። አንድ ቶን መኪና ያንን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ቢወርድ የሚወጣው ሙቀት 20 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል! የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፤ ውሃ ሲገባበት ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፤ እግርህ የሚሰምጠው ለዚህ ነው። ዘይቱን ሙሉ በሙሉ በዶት 4 ቀይር፣ አየሩን በደንብ አስወጣ። ከተከፈተ ጠርሙስ የተረፈ አትቀበል። ደግሞም ሽቅብ በወጣህበት ማርሽ ውረድ።

ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው እምቢ ካለ ግን የዘይት ጉዳይ አይደለም። የጋለው ሸራው (ታምቡሩን ወይም ዲስኩን ተጭኖ የሚይዘው) ነው።

ለአሮጌ ላንድ ክሩዘሬ ሰርቮ (የፍሬን ረዳት) ባስገባስ? (ወልድያ)

ሰርቮ እግርህን ያሳርፋል እንጂ ፍሬኑን የተሻለ አያደርገውም። ሞተሩ ሲሠራ በአንድ በኩል አየሩን ይመጥለታል፣ በሌላው በኩል የውጭው አየር ግፊት ይገፋዋል፤ ደሴ ከፍታ ላይ ያ የውጭ ግፊት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ያንሳል። ከገዛህ ተለቅ ያለውን ግዛ። ቤንዚን ልቆጥብ ብለህ ሞተር አጥፍተህ ቁልቁለት የምትለቅ ከሆነ ግን ይቅርብህ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከረገጥክ በኋላ ሰርቮው የለም።

ሱቁ ዶት 5 ሰጠኝ፣ ይሻላል ብሎ። (ሐይቅ)

መልስለት። ሲሊኮን ነው፣ ካለህ ዘይት ጋር አይቀላቀልም። ዶት 5.1 የሚባለው ሌላ ነው፤ ሲሊኮን አይደለም።

ታምቡሩን በኮምፕሬሰር አየር ብናጸዳውስ? (መርሳ)

አይሆንም። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል። በውሃ አርጥባችሁ ጥረጉት።

የአባቴ ፊያት 124 ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ ይጎትተኛል። ፍሬኑን ወደ ዲስክ ልቀይረው? (ደሴ)

እህቴ፣ ምኑን ትቀይሪዋለሽ? አራቱም ዲስክ ሆኖ ነው ከፋብሪካ የወጣው፤ ለዘመኑ ብርቅ ነበር። ወደ ግራ ከጎተተ ቀኙ አልያዘም ማለት ነው። ትንሽ ነድተሽ ቁሚና እጅሽን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጊ፤ ብረቱን እንዳትነኪ። ቀኙ ቀዝቃዛ ከሆነ ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው) ተይዟል ወይም ቱቦው ተደፍኗል። አሮጌ የጎማ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያብጣል። ቱቦ ከቀየርሽ የግራውንም አብረሽ ቀይሪ።

ሠርተን ስንጨርስ የት እንሞክረው? (ኮምቦልቻ)

ሜዳው ላይ፣ በቀስታ። ሐረጎ ላይ አይሞከርም።