ቀኖናዬን ጨርሻለሁ፤ ይቅር የተባልሁ ግን አይመስለኝም

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልዎ። የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። ከ9 ዓመት በፊት የሠራሁትን ከባድ ኃጢአት ለንስሐ አባቴ ተናዝዤ፣ የሰጡኝን ቀኖና ጾሙንም ስግደቱንም ሳላጓድል ፈጽሜአለሁ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለውኛል። ልቤ ግን አላረፈም። ያንኑ ኃጢአት ለሌሎች ሁለት አባቶች ደግሜ ተናዘዝሁ፤ በየዓመቱም ለመስከረም 21 ንግሥ ግሸን ማርያም እወጣለሁ። የልጄ አስም በተነሣ ቁጥር «ያ ኃጢአቴ ነው» እላለሁ። ለመቁረብ አልደፍርም። ደሴ ያለችውን እህቴን እንኳ ካየኋት 9 ዓመት ሆነኝ፤ ፊቷ መቆም ያሳፍረኛል። ቀኖና ይጨመርልኝ ልበል? ምን ያህል ብሰግድ ነው የሚበቃው?

መልስ፦ እህቴ፣ የመጨረሻዋን ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኋት። እዚሁ ደሴ ከሽማግሌም ከወጣትም ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ። አንዱ «ስንት ብመጸውት?» ይላል፤ ሌላው «ስንት ዓመት ግሸን ብመላለስ?» ይላል። በስቅለት ዕለት ካህኑ በወይራ ቅጠል እየነካ ስግደት ከሚያዝበት ከጥብጠባው በኋላ «ላንተ ስንት ስግደት ደረሰህ?» እየተባባሉ ቁጥር የሚያነጻጽሩ ምእመናን አይቼ አዝኜ አውቃለሁ። የሁሉም ሥሩ አንድ ነው፤ ቀኖናን የኃጢአት ዋጋ አድርጎ መቁጠር። ባለዕዳ በየወሩ እየከፈለ ዕዳውን እንደሚያቃልል፣ እኛም በስግደትና በጾም የእግዚአብሔርን ቁጣ ቀስ በቀስ የምንከፍል ይመስለናል።

እንዲህስ ቢሆን ማናችን ከፍለን እንጨርስ ነበር? በጉልበታችን የሚከፈል ኃጢአት ቢኖር ክርስቶስ ለምን ተሰቀለ? ሐዋርያው ለኤፌሶን ሰዎች «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም» ብሎ ጽፏል። ይህን ስል ስግደትን ማቃለሌ አይደለም። ቀኖና መድኃኒት ነው እያልሁሽ ነው። ሐሜት የለመደ አንደበት በጸሎት ይገራል፤ መንጠቅ የለመደ እጅ በምጽዋት መስጠትን ይማራል፤ የኰራ አንገት በስግደት ዝቅ ማለትን ይለምዳል። ንስሐ አባትሽ ያን ያዘዙልሽ ቁስልሽ እንዲሽር ነው። የቁስልሽን ዋጋ ግን ሌላ ከፍሎታል፤ በቀራንዮ።

እኛ ወሎዎች የተጨነቀ ሰው ስናይ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ «አብሽር»፣ አይዞህ፣ እንላለን። ጌታችንም እንዲህ አድርጓል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ሽባውን በአልጋ ተሸክመው ሲያመጡለት ምን እንዳለው ልብ በዪ፤ «አንተ ልጅ፥ አይዞህ፥ ኃጢአትህ ተሰረየችልህ»። ሰውየው ገና አልጋው ላይ ነው። አልተነሣም፤ አልሰገደም፤ ሊሰግድም አይችልም። «አይዞህ» አስቀድሞ መጣ፤ ስርየቱ ተከተለ፤ አልጋውን ተሸክሞ መሄዱ ከሁሉም በኋላ ነው። አንቺ ግን አልጋሽን ተሸክመሽ 9 ዓመት ተጉዘሽ፣ ያቺን «አይዞሽ» አሁንም ትጠብቂያለሽ። እርሷ የተባለችልሽ በመጀመሪያው ቀን ነበር።

የጠፋውን ልጅም አስቢው። ከዓሣማዎቹ መካከል ሆኖ የሚናገረውን አጥንቶ ነው የተነሣው፤ መጨረሻውም «ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ» የሚል ነበር። በአባቱ ፊት ሲቆም በደሉን ተናዘዘ፤ «ልጅህ ልባል አይገባኝም» አለ። ያጠናትን የመጨረሻ ቃል ግን በሉቃስ ወንጌል ላይ ሲናገራት አናገኝም። አባትየው ቀደመውና ልብስ አምጡ፣ ቀለበት አምጡ አለ። እየሠራ ዕዳውን የሚከፍል ሞያተኛ ልሁን የሚለውን ልመና አባቱ እንዲጨርሰው እንኳ አልፈቀደለትም። እህቴ፣ «ቀኖና ይጨመርልኝ» ስትዪ ያቺን ቃል ነው የምትጨርሺው። ልጅነት ተሰጥቶሽ ሳለ ቅጥረኛ ልሁን እያልሽ ነው።

አንድ ነገር ግን ጠንከር አድርጌ እነግርሻለሁ። ያንኑ ኃጢአት ለሁለትና ለሦስት አባቶች መናዘዝ ትሕትና መስሎሽ ከሆነ አይደለም። ጌታ ለሐዋርያቱ «ኃጢአታቸውን ይቅር ያላችኋቸው ሁሉ ይቀርላቸዋል» ብሏቸዋል። «ይፍታሽ» በተባለ ጊዜ የተፈታውን አንቺ መልሰሽ ከቋጠርሽው፣ የምትጠራጠሪው ካህኑን ብቻ ሳይሆን የሾማቸውንም ነው። ለአራተኛ አባት አትሂጂ። ወደ መጀመሪያው ንስሐ አባትሽ ተመለሺና «የተፈታልኝን አላመንሁም ነበር» ብለሽ ይህንኑ ተናዘዢ።

የልጅሽን ነገር ሳነብ እንባ መጣብኝ። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን አይተው «ማን ኃጢአት ሠራ?» ሲሉ ጌታ የመለሰውን ታውቂዋለሽ፤ እርሱም ወላጆቹም አይደሉም። ሕፃኑን ጠበሉንም አጠጪው፣ ሐኪሙንም አሳዪው። የአንቺን በደል ግን በደረቱ ላይ አትጫኚበት። ሲያድግ የእናቱን ፊት አይቶ ሕመሙን ቅጣት ነው ብሎ እንዳያምን እፈራለሁ።

ስለ ቍርባኑ ደግሞ፣ «ስበቃ እቆርባለሁ» እያሉ እስኪያረጁ የሚጠብቁ ብዙዎች ናቸው። በቅዳሴ ካህኑ «ቅድሳት ለቅዱሳን»፣ ማለትም ቅዱሱ ለቅዱሳን ነው፣ ሲሉ ሕዝቡ ምን ይመልሳል? «ቅዱሳንስ እኛ ነን» አይልም። «አሐዱ አብ ቅዱስ፣ አሐዱ ወልድ ቅዱስ፣ አሐዱ ውእቱ መንፈስ ቅዱስ» ይላል። ብቃቱ የማን እንደሆነ በገዛ አፋችን መስክረን ነው የምንቀርበው። ዝግጅቱንና ቀኑን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት።

አሁን በደብዳቤሽ እንደ ዋዛ ጽፈሽው ወዳለፍሽው ልመለስ፤ ወደ እህትሽ። በደልሽ ከእርሷ ጋር የተያያዘ ይሁን አይሁን አልጻፍሽም፤ እኔም አልጠይቅም። ነገር ግን ኃጢአቱም 9 ዓመቱ ነው፣ እርሷን ካየሽም 9 ዓመት ነው። ግሸን የምትወጪው ደሴን አልፈሽ ነው። በየመስከረሙ እህትሽ ባለችበት ከተማ በኩል አልፈሽ፣ ግማደ መስቀሉን፣ የጌታን መስቀል ክፋይ፣ ልትሳለሚ ትሄጃለሽ። ጳውሎስ ስለዚያ መስቀል «ጥልንም በመስቀሉ ገድሎ» ነው ያለው። እህትሽን ሳታዪ ማለፍሽን ሳስብ ያ ቃል ይከብደኛል።

ይህን ደግሞ እንደ አዲስ ክፍያ አትቁጠሪው። ዘኬዎስ «አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ያለው ጌታ «ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛል» ካለው በኋላ ነው። ምሕረቱ ቤቱ ገብቶ ነው እጁን የፈታለት። አንቺም የምትሄጂው ይቅር ለመባል አይደለም፤ ይቅር ስለተባልሽ ነው። እፍረቱ ሊቀር የሚችለው ደግሞ ስትቆሚበት እንጂ ስትሸሺው አይደለም።

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሐረጎን ዳገት ስትወጪ ልብሽ ይመታ ይሆናል፤ ይምታ። ብቻሽን ከከበደሽ ንስሐ አባትሽን ወይም እርሷ የምታከብራቸውን አንድ ሽማግሌ ይዘሽ ሂጂ። የበደልሻት ነገር ካለ ዙሪያውን ሳትዞሪ በስሙ ጥሪው፤ በእጅሽ ያለ የእርሷ ነገር ካለም መልሺ። በሩን ባትከፍትልሽ አትቆጪ፤ «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ» ነው የተባልነው፤ ሌላ ቀን ትመለሻለሽ። መስከረምን አትጠብቂ፤ በዚህ ሳምንት ውጪ። ልጅሽንም ይዘሽው ሂጂ፤ አክስቱ ትወቀው።