ከሰሉን ሁሉ ጠርገው የማያወጡት ለምንድን ነው?

ሰሞኑን ስለ ድንጋይ ከሰል ሁለት መስመር ብጽፍ የጥያቄ ናዳ ወረደብኝ። ጥቂቶቹን ልመልስ።

«ከመሬት በታች ከሰል የሚያወጡ ሰዎች ግማሹን እዚያው ትተው ይወጣሉ የሚባለው እውነት ነው? ብክነት አይደለም?» (ከባሕር ዳር)

እውነት ነው። ብክነት ለማለት ግን ይከብደኛል። የተተወው ከሰል ጣሪያውን ደግፎ የያዘው ነው። ዘዴው «ክፍልና ምሰሶ» ይባላል። ከሰሉ ውስጥ መስቀለኛ መንገድ ይቆፈራል፤ በመንገዶቹ መሀል የሚቀረው አራት ማዕዘን ከሰል ምሰሶ ይሆናል። የጎጆ ምሰሶ ነቅሎ እንጨት ተረፈኝ የሚል የለም።

እስቲ እናስላው። ምሰሶው 12 ሜትር በ12፣ መንገዱ 6 ሜትር ስፋት ይኑረው። እያንዳንዱ ምሰሶ 18 ሜትር በ18 ጣሪያ ይደርሰዋል፤ 324 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ምሰሶው ራሱ 144 ይይዛል። የወጣው 180 ካሬ፣ 56 በመቶ ገደማ ነው። ጥልቀቱ ሲጨምር ከላይ ያለው ድንጋይ ይከብዳል፣ ምሰሶውም መወፈር አለበት። ያኔ የሚወጣው ድርሻ ይቀንሳል።

«ምሰሶውን ትንሽ ቀጠን ቢያደርጉት ምን ይመጣል?» (ከጆሃንስበርግ)

መልሱ እርስዎ ካሉበት ከተማ በስተደቡብ፣ ብዙም ሳይርቅ አለ። ኮልብሩክ የሚባል የከሰል ማዕድን ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 21 ቀን 1960 እዚያ ምሰሶዎቹ ተያይዘው ተደረመሱ። አንዱ ሲሰበር ሸክሙ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል፤ እሱም አይችለውም፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። 435 ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ከሌሶቶና ከሞዛምቢክ ለሥራ የመጡ ነበሩ። አስከሬናቸው እስከ ዛሬ አልወጣም። ከአደጋው ሳምንታት በፊት፣ በታኅሣሥ መጨረሻ፣ አንዱ ክፍል ተደርምሶ ነበር። ሥራው ግን ቀጠለ። እኔን የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው።

እዚያ የተደረገው ማቅጠን ብቻ አልነበረም፤ ከጣሪያው ላይም ከሰል ተቆርጧል። ያ ምሰሶውን ያስረዝመዋል፤ የረዘመ ምሰሶ ደግሞ ይደክማል። ከአደጋው በኋላ ሳላሞንና መንሮ የተባሉ ተመራማሪዎች ያልወደቁ 98 እና የወደቁ 27 የምሰሶ አቀማመጦችን አጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጡት ቀመር ምሰሶው ከሚሸከመው 1.6 እጥፍ የሚሆን አቅም እንዲኖረው የሚለውን ልማድ አመጣ። ለዚያች 0.6 ተብሎ የሚተወውን ከሰል ነው እንግዲህ ብክነት የምንለው።

«ሎንግዎል የሚባለው የማውጫ ዘዴ ግን 80 በመቶ ያወጣል ይሉናል። ያኛው ጣሪያ በምን ቆመ?» (ከአዲስ አበባ፣ የምህንድስና ተማሪ)

አይቆምም! እንዲወድቅ ይተዉታል። 200 ወይም 300 ሜትር የሚረዝም የከሰል ግድግዳ ፊት ለፊት ግዙፍ የሃይድሮሊክ ድጋፎች ይደረደራሉ። ጥርሳም ከበሮ ያለው ማሽን ውሃ እየረጨ ግድግዳውን እየላጠ ይመላለሳል። የተላጠው ከሰል ከስሩ ባለው ማጓጓዣ ይሄዳል። ከዚያ ድጋፎቹ ዝቅ ብለው፣ አንድ እርምጃ ተራምደው፣ እንደገና ጣሪያውን ይገፉታል። ከኋላቸው ያለው ባዶ ቦታ እያጉረመረመ ይደረመሳል። ሠራተኛው የሚቆመው በድጋፉ ስር ብቻ ነው።

80 በመቶ ሲሉዎት ግን «የምኑ?» ብለው ይጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ያ የሚላጠው ክፍል ብቻ ነው። በክፍሎቹ መሀልና በዋና መንገዶች ዳር የሚቀሩት ምሰሶዎች ሲደመሩ የማዕድኑ ጠቅላላ ድርሻ ይወርዳል። በዚያ ላይ የላይኛው መሬት ይሰምጣል። ከላይ መንደር ካለ ነገሩ ሌላ ነው።

«ሥራው ሲያልቅ፣ እየወጡ ምሰሶውን ቢወስዱትስ?» (ከዴንቨር)

ይወስዱታል። ከጥልቁ ጫፍ ጀምረው ወደ መውጫው እያፈገፈጉ ምሰሶውን ይቆርጣሉ። የሚወጣው ድርሻ በጣም ከፍ ይላል፤ አደጋውም እንዲሁ። ከእርስዎ ጎረቤት ከዩታ ልጥቀስ። ክራንዳል ካንየን በሚባል የከሰል ማዕድን ነሐሴ 2007 እ.ኤ.አ. እንዲህ ሲሠሩ ምሰሶዎቹ ፈንድተው ስድስት ሰዎች ከውስጥ ቀሩ። ከአሥር ቀን በኋላ ሊያድኗቸው የገቡ ሦስት ሰዎች ሞቱ።

«የእኛ አገር ከሰልስ?» (ስም የለውም)

በአብዛኛው አፈሩን በኤክስካቫተር ገፍፎ፣ ከላይ ነው የሚወጣው። ምሰሶ የለም፤ የሚያሰጋው የጉድጓዱ ግድግዳ ነው። በክረምት በተለይ።