ለሁለት ቀን ከከተማ ውጡ፦ በእግር ወደ ባዝ

እንግሊዝ አገር በኖርኩባቸው የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ዓመታት ከለንደን የወጣሁት ለሠርግ፣ ለለቅሶና ለንግሥ ብቻ ነበር። ባቡሩ በአረንጓዴው መስክ መካከል ሲከንፍ አጥሩንና ከብቱን በመስኮት እያየሁ «ይህ የሰው ርስት ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» ብዬ አልፋለሁ። ዛሬም ብዙ ወገኖቼ እንደዚያው ሲያስቡ እሰማለሁ። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ልንገራችሁ፦ በእንግሊዝና በዌልስ ማንም ሰው በእግሩ እንዲሄድበት ሕግ የፈቀደው ወደ 225 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ አለ። መንገዱ የገበሬውን ማሳ ሰንጥቆ፣ የከብቱን ግጦሽ አቋርጦ፣ አንዳንዴም የሰው ግቢ ጥግ ታክኮ ያልፋል። ከመንገዱ እስካልወጣችሁ ድረስ ባለመሬቱ ሊከለክላችሁ አይችልም።

ይህ መብት በነጻ የተገኘ አይደለም። በ1932 እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን ከማንቸስተርና ከአካባቢው የመጡ ወጣት ሠራተኞች በመቶዎች ሆነው ኪንደር ስካውት ወደሚባለው ተራራ ወጡ። ተራራው የባለጸጎች የወፍ ማደኛ ነበርና ጠባቂዎቹ ሊመልሷቸው ታገሉ፤ ከወጣቶቹ አምስቱ ተፈርዶባቸው ወኅኒ ወረዱ። በ1949 የወጣው ሕግ ግን ለብሔራዊ ፓርኮች መሠረት ጣለ፣ የእግር መንገዶቹም በካርታ ላይ እንዲመዘገቡ አዘዘ። ሳምንቱን በፋብሪካ ጭስ ውስጥ የሚውሉ ሰዎች እሑድ ንጹሕ አየር ለመተንፈስ የታገሉለት መብት ነው። ሌሊቱን በአረጋውያን መጦሪያ፣ በሆቴልና በመጋዘን እየሠራችሁ የምታነጉ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ መንገዱ የእናንተም ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ሰው ተራራ አልመክርም። የምመክረው ከለንደን በስተ ምዕራብ ካለችው ትንሽ ከተማ ከብራድፎርድ ኦን ኤቨን እስከ ባዝ ከተማ የሚወስደውን የቦይ ዳር መንገድ ነው። ኬኔት ኤንድ ኤቨን የሚባለው ይህ ቦይ በ1810 የተጠናቀቀ የጭነት ጀልባዎች መተላለፊያ ነበር። ጀልባውን ፈረስ ይጎትተው ስለነበረ ከውሃው ጎን መንገድ ተበጀለት፤ እኛም ዛሬ የምንሄደው በዚያ የፈረስ መንገድ ነው። ርዝመቱ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዳገት ስለሌለው ልጅም አዛውንትም ይዘልቀዋል። ኤቨንክሊፍ ስትደርሱ ቦዩ ራሱ በድንጋይ ድልድይ ላይ ሆኖ ወንዙንና የባቡሩን ሐዲድ ከላይ ያቋርጣል፤ ወንዙ ከሥር እየፈሰሰ ጀልባ ከላይ በእርጋታ ሲያልፍ ታያላችሁ። የደከመ ሰው ካለ እዚያው ኤቨንክሊፍ ወይም ቀጥሎ ፍሬሽፎርድ ላይ የባቡር ጣቢያ አለ።

አምና ከደብረ ብርሃን ሊጠይቁን የመጡትን አክስቴን በመስከረም መጀመሪያ በዚህ መንገድ ወሰድኳቸው። ግማሽ ሰዓት እንደሄድን ከአንድ ቁጥቋጦ አጠገብ ቆሙና እጃቸውን ሰደዱ። «እንጆሪ!» አሉ። ጥቁር፣ የበሰለ፣ እሾሁ እንደ አገር ቤቱ የሚይዝ። እኔ ለዓመታት በፕላስቲክ ታሽጎ ከሱፐርማርኬት ስገዛው የኖርኩት ፍሬ ነው። ጣቶቻቸው እስኪጠቁሩ ለቀሙ፤ በመዳፋቸው ሞልተው ለልጄ ሰጧት። እሷ አማርኛዋ ደካማ ነው፣ እሳቸው እንግሊዝኛ አያውቁም፤ የቀረውን መንገድ ግን ሁለቱ ከፊት ከፊት እየለቀሙ ሄዱ። ሳማውም እዚያው ጎን አለና፣ እንደ አገራችንም ይለበልባልና፣ ለልጆች ረጅም ሱሪ አልብሱ።

ሌላው አክስቴን ያስደሰታቸው ሰላምታው ነው። በለንደን ባቡር ውስጥ ቀና ብሎ የማያያችሁ ሰው በእግር መንገድ ላይ ሲያገኛችሁ እንደ አገራችን ባላገር ሰላም ብሎ ያልፋል። መልሱለት፤ ቀድማችሁም በሉ።

አሁን ስለ ዝግጅት። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ ቤተሰቤን ይዤ በጂንስ ሱሪና በተራ ስፖርት ጫማ ወጣሁ። ዝናቡ ከረፋዱ ጀምሮ ያዘን። ጂንስ ውሃ ከጠጣ እንደ እርጥብ ጋቢ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም። ቀኑ ደግሞ የኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ፣ ሰዓት ወደ ኋላ የሚመለስበት ነበር፤ አላሰብኩበትም። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ጠለቀች። ከማሳ ወደ ማሳ በስልክ መብራት አጥር እየዳበስን፣ ልጃችን እያለቀሰች፣ አስፋልት እስክናገኝ ድረስ የተሰማኝን ፍርሃት አልረሳውም። እባካችሁ ውሃ የማያስገባ፣ ሶሉ የሚቆነጥጥ ጫማ ግዙ፤ የዝናብ ልብስና የእጅ ባትሪ ያዙ፤ ፀሐይ የምትጠልቅበትን ሰዓት ከቤት ሳትወጡ እዩ። በዲሴምበር ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ይመሻል፤ በጁን ግን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ድረስ ብርሃን አለ።

ስልክ ብቻ አትመኑ። የአገሪቱ የካርታ ድርጅት ኦርድናንስ ሰርቬይ የሚያሳትመው ባለ ብርቱካናማ ሽፋን ካርታ በ1:25,000 መጠን (አንዱ ሳንቲ ሜትር በመሬት ላይ 250 ሜትር) የተሠራ ስለሆነ አጥሩን ሳይቀር ያሳያል፤ የእግር መንገዶቹ በአረንጓዴ ሰረዝ የተሰመሩት ናቸው። ሜዳ ላይ ደግሞ በግንድና በበር ላይ የተለጠፈውን ቀስት ተከተሉ፦ ቢጫው ለእግረኛ ብቻ፣ ሰማያዊው ለፈረስም ለብስክሌትም የተፈቀደ ነው። የከፈታችሁትን በር መልሳችሁ ዝጉ።

ከብትን በተመለከተ፣ ገጠር ያደግን ሰዎች ላም አንፈራም፤ አደጋውም ያ ነው። የእንግሊዝ ላም እረኛ አይጠብቃትም፣ ሰውም አልለመደች ይሆናል። ጥጃ ካላት ዙራችሁ እለፉ፤ ውሻ ይዛችሁ ላሟ ከመጣችባችሁ ማሰሪያውን ልቀቁት።

ለስንቅ ከበሶና ከቆሎ የተሻለ አላገኘሁም። በሶውን በትንሽ ዕቃ አድርጋችሁ እዚያው በውሃ በጥብጡት፤ ለረቡዕና ለዓርብም ይሆናል። ባዝ ውስጥ ቅዳሜ ማደር ውድ ስለሆነ፣ ቅዳሜና እሑድ የምትሠሩ ሰዎች የሳምንቱ መካከል ዕረፍታችሁ እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል። ከልጅ ጋር የምትሄዱ የቤተሰብ የባቡር ቅናሽ ካርድ አውጡ፤ ከአዋቂ ትኬት አንድ ሦስተኛውን፣ ከልጅ ትኬት 60 በመቶውን ይቀንሳል።

ሁለተኛውን ቀን ለፌርፊልድ ቤት ስጡት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 እ.ኤ.አ. በስደት የኖሩበት፣ በ1958 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለአረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ለባዝ ከተማ የሰጡት ቤት ነው። ከከተማው መሐል በስተ ምዕራብ፣ አንድ ሰዓት የማይሞላ የእግር መንገድ ነው፤ ለጎብኚ የሚከፈትበትን ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ። አክስቴ በሩ ላይ ሲደርሱ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ። አባታቸው አርበኛ ነበሩ። ቤቱን ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆይተው «አባባ በዱር በገደሉ ሲንከራተቱ ጃንሆይ እዚህ ነበሩ?» አሉኝ። ከዚያ አልቸኮልንም። የመመለሻ ባቡራችሁን ወደ ማታ አድርጋችሁ ቁረጡ።